ገል ሳይዙ እሳት ሊጭሩ የመጡት እናት

ከባሌ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ተራ ሥራ ባና መጭመቅ ነበር። ባና እኛ መንዞች ከበጎቻችን ሱፍ የምናሠራው ብርድ ልብስ ነው፣ ውሃ ከጠጣ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፣ አንድ ሰው ብቻውን አይጨምቀውም፤ አንዱ በዚህ ጫፍ ሌላው በዚያ ጫፍ ይዘው እየጠመዘዙ ወደ ኋላ መሳብ አለባቸው። ወንዙ ዳር ቆመን እሱ በስተግራ እኔ በስተቀኝ ስንጠመዝዝ፣ ጥርሴን ነክሼ በሙሉ ኃይሌ የምስብበትን ሰዓት ጠብቆ ጫፉን ለቀቀውና ጭቃው ላይ ዘፍ አልኩ። «ሽበት ያወጣ ሰው እንዲህ ይጫወታል?» ስለው፣ «የሚወድቅ ሰው ፊቱ ምን እንደሚመስል ለአንድ ታሪክ ፈልጌው ነው» አለኝ፣ ከዚያ እጁን ዘርግቶ አነሣኝ፣ ባናውንም እንደገና አጥበን ጨመቅነው። በሳምንቱ ደረቱን ያዘው፣ ግንቦት ሳያልቅ ቀበርነው።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው ከዚያ በኋላ፣ ሐምሌ ላይ ነው። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር እወቁልኝ፣ እኔ በእንዲህ ያለ ነገር አምኜ የማላውቅ ሴት ነኝ። የቄስ ልጅ ነኝ፣ እስከ ስምንተኛ ክፍልም ተምሬአለሁ፣ ሰይጣን እንዳለ አምናለሁ፣ ሰይጣን ሥራ ፈትቶ ሞላሌ ድረስ መጥቶ የሰው ደጅ ይጠናል ብዬ ግን አላምንም። ጎረቤቶቼ ስለ ጥላ ወጊና ስለ ሙት መንፈስ ሲያወሩ ተነሥቼ በጎቼን የማስገባ ነበርኩ። ይህን የምላችሁ የባሌን ሥራ ስትሰሙ «እሷማ ድሮም ጭንቅላቷ በዚህ የተሞላ ነው» እንዳትሉኝ ነው።

ባሌ መምህር ክፍሌ ይባላል። ቀን ሞላሌ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል፣ ሲመሽ የሚያስፈሩ ታሪኮች ይጽፋል። ሁለት ቀጫጭን መጻሕፍት አዲስ አበባ ታትመውለታል፣ የቀረው ሁሉ በእጁ ጽሑፍ ቤት ውስጥ ነበር። ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን የሚነዳ አንድ ሾፌር መጽሐፉን ካነበበ ወዲህ ጉም በወረደ ቁጥር ረዳቱን ከኋላ ጠርቶ ጋቢና ያስቀምጠዋል ተብሎ ሲወራ፣ ክፍሌ ደመወዝ የተጨመረለት ያህል ደስ አለው። የጻፈውን መጀመሪያ የማነበው እኔ ነኝ። «አዲስ አበባ ያለው ሳንሱር ከማየቱ በፊት የቤቱ ሳንሱር ይየው» ብሎ ወረቀቱን ጭኔ ላይ ያስቀምጥና፣ እሱ መጽሐፍ የሚያነብ መስሎ በዓይኑ ጠርዝ ፊቴን ይጠብቃል። ፊቴን ካላዞርኩ ወይም ነጠላዬን ካልሳብኩ ያን ገጽ እንደገና ይጽፈዋል።

እንዴት ያለ ጸሐፊ እንደነበረ ልንገራችሁ። በሱ ታሪክ ውስጥ ደም የለም፣ ጭራቅ የለም፣ ጩኸት እንኳ የለም። ሙታኑ ጨዋ ናቸው። ሁልጊዜ ጉም ይወርዳል፣ ሁልጊዜ ከሥርዓታችን አንዲት ትንሽ ነገር ትዛነፋለች፣ ለምሳሌ ማንም ያልሞተበት ቤት ደጃፍ ላይ ለቅሶ ደራሽ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይቆማል፣ ውሻው ማንም ለሌለበት ጭራውን ይቆላል፣ አንባቢው የሚፈራው በዚያች ነው። ሙታኑ ደግሞ ሁልጊዜ ይበርዳቸዋል፣ ሁልጊዜም እሳት ይፈልጋሉ፣ ግን ራሳቸው አይመጡም፣ ሰው ይልካሉ። አንድ ባልደረባው፣ «መምህር ክፍሌ ያለው አንድ ታሪክ ነው፣ በየዓመቱ ልብስ ይቀይርለታል» ብሎ ቢያሾፍበት፣ «ቄሱስ በየእሑዱ ያንኑ ቅዳሴ አይደል የሚቀድሰው፣ አንተ ሰለቸኝ ብለህ ታውቃለህ?» አለው።

እኔም ጠይቄዋለሁ፣ ለምን ሁልጊዜ ይበርዳቸዋል ብዬ። ያን ቀን አልቀለደም። ልጅ ሆኖ ዘመሮ አካባቢ የቆሎ ተማሪ ሳለ፣ በአንዲት ደሳሳ ጎጆ ውስጥ አንድ አጎዛ ለብሶ አብሮት የሚተኛ ጓደኛ ነበረው፤ አንድ ሌሊት ያ ልጅ ሞተ፣ ክፍሌ ግን አላወቀም፣ ብቻ ሙቀት የሚያገኝበት ጎኑ ቀስ በቀስ ብርድ የሚመጣበት ጎን ሆነ። «ከዚያ ወዲህ ሞት ሲባል ሌላ ነገር አይታየኝም፣ ሙታንንም ልፈራቸው አልቻልኩም፣ በርዷቸው ነው እላለሁ» አለኝ። ሰው እንዲፈራ ነው የሚጽፈው ይሉታል፣ እኔ ግን እንዲህ ላሉት ሁሉ ሲያዝን የኖረ ሰው እንደነበረ አውቃለሁ፣ እመኑኝ፣ ፍርሃቱን የሚያመጣውም ያ ማዘኑ ነው።

ሳንሱሩም ቢሆን ጠይቆት ያውቃል፣ «ይሄ ሙት ከየትኛው መደብ ነው?» ብሎ። እዚያ ዝም ብሎ ወጣ፣ እቤት መጥቶ ግን፣ «መሬት ላራሹ ተብሎ ታውጇል፣ ይሄ ደግሞ መሬቱ ውስጥ ነው፣ ምን ልበለው?» ብሎ አሳቀኝ።

የኔና የሱ ጠብ አንድ ብቻ ነበረች። «ታሪክህ ውስጥ ያሉት ሰዎች መንዝ የተወለዱ አይመስሉም፣ የመንዝ ሰው ደጁ ላይ የቆመን እንግዳ ስሙን ሳይጠይቅ ግባ ይላል፣ ያንተዎቹ ወይ በር ይዘጋሉ ወይ ይጮኻሉ» እለዋለሁ። እሱም፣ «ግቡ ካልሻቸውማ ታሪኩ አለቀ፣ ሙት ገብቶ መደቡ ላይ እግሩን ከዘረጋ ዘመድ ነው፣ አያስፈራም» ይለኛል።

አርባው ከወጣ በኋላ የነፍስ አባታችን አባ ገብረ መስቀል አንድ ማለዳ መጡ። ደግ ሰው ናቸው፣ ክፍሌንም ይወዱት ነበር። ከመደቡ ላይ ተቀምጠው መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«ልጄ» አሉኝ በኋላ፣ «ፍትሐቱም ተፈትቷል፣ አርባውም ወጥቷል። የቀረው ያ የጻፈው ነው።»

«ምን ይሁን አባ?»

«ይቃጠል።»

«አባ፣ ክፉ ነገር የለበትም፣ አንብበው አያውቁም እንጂ።»

«ባላነበውም ሰምቻለሁ። ዕድሜውን ሙሉ ሙታንን ከደጃፍ ሲያቆም የኖረ ሰው፣ አሁን እሱ ራሱ ከደጃፍ ቆሞ እንደሆነስ? ነፍሱ ከወረቀቱ ጋር ታስራ እንደሆነስ? እኔ አላውቅም፣ አንቺ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም። ማን ያውቃል? ያን ሁሉ ዓመት በኩራዝ ብርሃን ዓይኑን ያጠፋበትን ሥራ በአንድ ከሰዓት አመድ ላደርገው ነው፣ ካላደረግሁት ደግሞ ምናልባት ዕረፍት ልነሳው ነው። እሳቸው ሲናገሩ እንደ ትእዛዝ ቢናገሩ ኖሮ እከራከራቸው ነበር፣ እንደሚፈራ ሰው ስለተናገሩ ግን እሺ አልኩ። «ዛሬውኑ አቃጥለዋለሁ» አልኳቸው፣ እሳቸውም «ነገ ጠበል ይዤ እመጣለሁ፣ ቤቱን እረጨዋለሁ» ብለው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን አወረድኩት። ክፍሌ አይጥ እንዳይበላበት በማዳበሪያ ከረጢት አድርጎ ከጣሪያው ወራጅ ላይ ያንጠለጥለው ነበር። ከረጢቱን ምድጃው አጠገብ ጎትቼ አስቀመጥኩና አመዱን ገለጥ አደረግሁ፣ ፍሙ ጥሩ ነበር። የዚያን ሰሞን ክብሪት ከቀበሌው ሱቅ ጠፍቶ ስለነበር ሁላችንም እሳታችንን በአመድ ቀብረን እናሳድር ነበር፣ የጠፋበት ደግሞ ገል ይዞ ጎረቤቱ ዘንድ እሳት ሊጭር ይሄዳል፣ ማለት የሰባራ ገንቦ ስባሪ ይዞ ይሄድና ፍም ተደርጎለት ይመለሳል። በቀን እሳት ሊጭር የመጣን ሰው ባዶ እጁን መመለስ በኛ አገር ነውር ነው። ሰጪውም ፍሙን ሁሉ አይሰጥም፣ ለዘር የሚሆን ምድጃው ውስጥ ያስቀራል። ይህን የማያውቅ ልጅ እንኳ የለም።

ኩበት ጨመርኩ፣ ከረጢቱን ፈታሁ፣ የመጀመሪያዎቹን ገጾች አወጣሁ፣ ከዚያ ቁጭ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ፣ እንግዲህ ምን ታደርጉታላችሁ። እያነበብኩ ሳለ ቤቱ ጨለም አለብኝ፣ ቀና ስል ጉሙ ወርዶ ከደጃፉ ወዲያ ያለው አጥር የለም፣ ከአጥሩ ወዲያ ያለው ባሕር ዛፍም የለም። ለሐምሌ ይሄ ብርቅ አይደለም። ብርቅ የሆነብኝ ድምፁ ነው። ከማለዳ ጀምሮ ከክዳኑ ጠርዝ የሚንጠባጠበው ውሃ ጠብ ጠብ ማለቱን አቆመ፣ ዶሮዎቹም ዝም አሉ፣ ያን ጊዜ ውሻችን ተነሥቶ ወደ ደጃፉ ሄደና ወደ ጉሙ እያየ ጭራውን መቁላት ጀመረ። አልጮኸም። ለሚያውቀው ሰው እንደሚያደርገው፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ወገቡን እያወዛወዘ ነበር።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ጊዜ እንኳ አልፈራሁም። እንዲያውም «ክፍሌ ይሄን ቢያይ» ብዬ ፈገግ አልኩ።

«ቤቶች» አለ ድምፅ።

«ደጅ» አልኩና ተነሣሁ።

አንዲት አሮጊት ከደጃፉ መድረክ ወዲያ ቆመዋል። ሻሻቸው ነጭ፣ ነጠላቸው ነጭ፣ ፊታቸው የማላውቀው ፊት ነው፣ ሞላሌ ደግሞ ሰው የማይተዋወቅባት ከተማ አይደለችም። ሰላም ተባባልን፣ እንደምን ዋሉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

«እሳት ልጭር ብዬ ነው ልጄ» አሉኝ።

«ይግቡ እናቴ፣ ጉሙ ያሳምምዎታል፣ መጀመሪያ ይሙቁ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ትንሽ ፈገግ አሉ፣ ውርርድ እንደተሸነፈ ሰው።

«ግቡ ትልሻለች ብሎኝ ነበር» አሉ። «ግቡ ትልሻለች፣ እንዳትገቢ ነው ያለኝ።»

«ማን ነው ያለዎት?»

«የላከኝ ነዋ። ብርዱ ጠንቶበታል።»

«የት ነው ያለው?»

በአገጫቸው ወደ ኋላቸው አመለከቱኝ። ከአሮጌው በራችን የቀረ አንድ ምሰሶ እዚያ አቅጣጫ አለ፣ ይሄን ልደብቃችሁ አልፈልግም፣ ያየሁት ምሰሶው ነው ብትሉኝ አልጣላችሁም። ጉሙ ውስጥ አንድ ጠቆር ያለ ነገር ቆሟል፣ ፊት የለው፣ መልክ የለው፣ ቁመቱ የሰው ነው። ክፍሌ ሲበርደው ሁለት እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ይቆም ነበር፣ ያም እንዲያ ያለ ነገር ይመስል ነበር። ግን ምሰሶ ክብደቱን ከአንዱ እግሩ ወደ ሌላው አያዛውርም፣ ይሄኛው አዛወረ።

«ይምጣና ይሙቅ» አልኩ።

«አይሆንለትም ልጄ። አንቺ እሳቱን ስጪኝ።»

«ገልዎን ያምጡ።»

እጃቸውን ከነጠላው ውስጥ አወጡ፣ ባዶ ነው። ይኼኔ ነው የፈራሁት። አያችሁ፣ እሳት ሊጭር ገል ሳይዝ የሚመጣ ሰው የለም፣ እንስራ ሳይዝ ውሃ የሚወርድ ሰው እንደሌለ ሁሉ። ባሌ በጻፈው ሁሉ ውስጥ እንደዚህች ያለች አንዲት ትንሽ መዛነፍ ናት ሁልጊዜ። ሌላም አየሁ። ጉሙ ውሻውን አርጥቦታል፣ የመድረኩን ድንጋይ አርጥቦታል፣ የሳቸው ነጠላ ግን ደረቅ ነው፣ ገና ከሳጥን የወጣ ይመስላል።

በር መዝጋት ይቻል ነበር። መጮህም ይቻል ነበር፣ ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች ብዙ አትርቅም። እኔ ግን ስለ ብርድ ነበር የማስበው። ወደ ምድጃው ተመለስኩ፣ ከጥግ የሰባራ ገንቦ ገል አነሣሁ፣ ጥሩ ጥሩውን ፍም ከምሬ ለዘር የሚሆነውን አስቀርቼ ይዤ ወጣሁ።

«ይሄ አይበቃም» አሉ። «ሁሉንም ነው ያለኝ። አንድ እንዳታስቀሪ።»

«እኔስ በምን ልሞቅ ነው?»

«አንቺ ጎረቤት አለሽ» አሉኝ።

ተመለስኩና ሁሉንም ጫርኩት። ለምን አደረግሽው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ያን ጊዜ ምድጃዬ ውስጥ አንድ ፍም ባስቀርበት የሚበርደው ሰው በኔ ምክንያት የሚበርደው መሰለኝ። ገሉን ሳቀብላቸው ታቹ እንዳያቃጥላቸው በጨርቅ ልይዝላቸው ብል፣ በባዶ መዳፋቸው ተቀበሉኝ፣ እንደ እንቁላል በሁለት እጃቸው አቀፉትና «እግዜር ይስጥሽ፣ ሙቀት ይስጥሽ» ብለው ዞሩ። ሲሄዱ የእግር ኮቴ አልሰማሁም፣ የፍሙ ቅላት ግን ጉሙ ውስጥ እየራቀ ሲሄድ አየሁት፣ ምሰሶው ያለበት ጋ ሲደርስ ቆመ፣ ዝቅ አለ፣ ሰው እሳት ላይ ሲያጎነብስ የሚጋርደውን ያህል ተጋረደ፣ ከዚያ ጠፋ። ውሻው እስከ አጥሩ ተከትሎ ሄዶ እዚያው ተኛ። ከክዳኑ ጠርዝ ውሃው እንደገና ጠብ ማለት ጀመረ።

ቤት ገብቼ ምድጃውን አየሁት፣ ነጭ አመድ ነው። ከረጢቱ አጠገቡ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፣ ባሌ የጻፈውን ላቃጥልበት የነበረውን እሳት በገዛ እጄ ሰጥቼዋለሁ።

ጉሙ ገለጥ ሲል እትዬ ዘነበች ዘንድ ገል ይዤ ሄድኩ።

«ምነው፣ ያንቺም እሳት ይጠፋል እንዴ?» አለችኝ። «የመምህሩ ቤት እሳት ጠፋ ብዬ ለሰው ባወራ ማን ያምነኛል።»

«አንዲት አሮጊት ሁሉንም ወሰዱብኝ።»

«ሁሉንም ሰጠሻቸው? የማን ናቸው?»

«አላውቃቸውም። ገልም አልያዙ።»

ፍም የምትጭርልኝ እጇ ቆመ። «ገል ሳይዙ» አለች፣ ፍሙንም ከሌላ ጊዜው በላይ አድርጋልኝ እስከ ደጄ ድረስ አብራኝ መጣች። እሷም በዚያ በኩል ያለፈ ሰው አላየችም። ምናልባት ወደ ዓለም ከተማ የሚወርዱ መንገደኛ ናቸው፣ ምናልባት ከጠበል የሚመለሱ እናት ናቸው፣ ከሰው የተላኩ፣ ባሌን በሕይወት ሳለ የሚያውቁት። እንዲህ እያልኩ ራሴን አጽናንቻለሁ። ነጠላቸው ለምን ደረቅ እንደነበረ ግን ማንም አልነገረኝም።

በማግስቱ አባ ገብረ መስቀል ጠበላቸውን ይዘው ሲመጡ ከረጢቱ እንዳለ አገኙት። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ጢማቸውን እያሻሹ፣ «ክፉ መንፈስም ደግ ነገር ሊለምን ይችላል» አሉ፣ ቀጥለውም፣ «ለበረደው እሳት መስጠት ግን የትም ኃጢአት ተብሎ አላነበብኩም» አሉ። ቤቱን ረጩት። ሊወጡ ሲሉ፣ «እስቲ ከነዚህ አንዱን ስጪኝ፣ ምን እንደሆነ ልወቀው» ብለው ጥቂት ገጾች በካባቸው ውስጥ ይዘው ሄዱ። ከሁለት እሑድ በኋላ ከቅዳሴ ስንወጣ ወደ ጎን ሳብ አደረጉኝ፣ «ያቺ ሴት በመጨረሻ ምን ሆነች?» አሉኝ በሹክሹክታ። «አልጻፈውም አባ» አልኳቸው። «ሰው እንዲህ ጀምሮ ይተዋል?» ብለው ተቆጡኝ፣ ገጾቹንም እስካሁን አልመለሱልኝም።

እውነት ነው፣ ክፍሌ መጨረሻውን አይጽፍም ነበር። በሱ ታሪኮች ውስጥ እሳት የወሰደው መልእክተኛ ገሉን ሳይመልስ አይቀርም፣ አንድ ቀን ገሉ ታጥቦ መድረኩ ላይ ተቀምጦ ይገኛል፣ የቤቱ ባለቤት ጎንበስ ብሎ ያነሣዋል፣ እዚያ ላይ ጽሑፉ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ምን ይሆናል ብዬ ስጠይቀው፣ «እኔ ምን አውቄ፣ እዚያ ድረስ ነው የማየው» ይለኝ ነበር። የኔ ገል እስካሁን አልተመለሰም። ጠዋት ጠዋት በሩን ስከፍት መጀመሪያ የማየው መድረኩን ነው፣ ልፈራው ይሁን ልጠብቀው ራሴም አላውቅም።

ኩራዜን ምድጃው አጠገብ አስቀምጬ የክፍሌን ጽሑፎች በንጹሕ ወረቀት እየገለበጥኩ ነው፣ በቀን ከአንድ ገጽ አልበልጥም።